ሊኑክስ ኮምፒውተራችሁ ላይ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ እዩና የማትፈልጉትን ዝጉ

ታች ቤት ያሉት እናት አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቁመውኝ «ልጄ፣ ፎቶዎችህ እኮ በኛ ቲቪ ይታያሉ፣ ያቺ ሙሽራዋ እህትህ ናት?» አሉኝ። መጀመሪያ ምን እያሉ እንደሆነ አልገባኝም። ቤታቸው ገብቼ ሳይ እውነትም ቲቪው ላይ የላፕቶፔ ስም ቁጭ ብሏል፣ ሲከፈት የእህቴ ሰርግ፣ የጓደኞቼ ጉዞ፣ የመታወቂያዬ ስካን ሳይቀር ተራ በተራ ይመጣል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ዋይፋዩን አራት ቤት ሆነን ነው የምንጋራው፣ ሂሳቡንም ተካፍለን ነው የምንከፍለው፣ እኔ ደግሞ ከአመት በፊት ከላፕቶፕ ወደ ቲቪ ፊልም ለማየት ብዬ ሚኒዲኤልኤንኤ የሚባል ነገር ጭኜ የፎቶና የቪዲዮ ፎልደሬን አሳይቼው በዛው ረስቼዋለሁ። ይሄ ነገር ደግሞ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ እዛው ኔትወርክ ላይ ላለ ሁሉ «ና ግባ» ነው የሚለው። ማንም ሃክ አላደረገኝም፣ በሩን ከፍቼ የተኛሁት እኔው ነኝ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ሊኑክስ የሚጠቀም ጓደኛ ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ ማሽንህ ላይ አሁን ስንት ፖርት፣ ማለትም ስንት በር፣ ክፍት ነው? የሚመልስልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። «ሊኑክስ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል» ይሉኛል፣ ወይ ደግሞ «ራውተሩ ይከላከላል»። ራውተሩ ከውጭ ከሚመጣው በመጠኑ ይከላከላል፣ እሺ፣ ግን ዋይፋዩን ከአራት ቤት ጋር ስትጋሩ፣ ወይ ካፌና ሆቴልና ግቢ ውስጥ ስትጠቀሙ፣ ሰውየው ራውተሩን ማለፍ አያስፈልገውም፣ ከናንተ ጋር ውስጥ ነው ያለው።

ወደ ስራው ከመግባታችን በፊት፣ ትዕዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል እንደሚነበቡት ነው የምጽፋቸው፣ ተርሚናል ላይ ስታስገቡ ግን በላቲን ፊደል ነው፣ «ኤስኤስ» ስል ሁለት ኤስ ማለቴ ነው፣ «ሱዶ» ደግሞ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ስልጣን አስኪደው የሚለው ነው። ምሳሌዎቼ ኡቡንቱ፣ ሚንትና ዴቢያን ላይ የሚሰሩ ናቸው፣ ፌዶራ የሚለይበት ቦታ ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ማየት

ፖርት ማለት ቁጥር ነው፣ ከ0 እስከ 65535፣ አንድ ፕሮግራም «በዚህ ቁጥር የሚመጣ ነገር ካለ ለኔ ስጡኝ» ብሎ ለሲስተሙ ያስመዘገበው። ፕሮግራሙ ከሌለ ፖርቱም አይከፈትም። ይሄን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፖርት መዝጋት ሲባል ቶሎ ብሎ ፋየርዎል ነው የሚያስበው፣ ዋናው መዝጊያ ግን ከጀርባው ያለውን ፕሮግራም ማቆም ነው። ፋየርዎል በኋላ የሚመጣ አጥር ነው።

ተርሚናል ክፈቱና ይሄን አስገቡ፦

ሱዶ ኤስኤስ -ቲዩኤልፒኤን

ቲ ማለት ቲሲፒ፣ ዩ ማለት ዩዲፒ፣ ሁለቱ ዳታ የሚጓዝባቸው መንገዶች ናቸው፣ ኤል የሚጠብቁትን ብቻ፣ ፒ ፕሮግራሙን ንገረኝ፣ ኤን ደግሞ በስም ሳይሆን በቁጥር አሳየኝ ማለት ነው። ድሮ ለዚህ ኔትስታት ነበር የምንጠቀመው፣ አሁን ብዙ የሊኑክስ አይነቶች (ዲስትሮዎች) ላይ ተጭኖ አይመጣም፣ ኤስኤስ ግን አለ። ሱዶውን አትርሱ፣ ካለሱ የሌላ ዩዘር ፕሮግራሞች ስም አይታይም፣ እናንተም ባዶ ቦታ እያያችሁ ትደናገራላችሁ።

የሚመጣው ሰንጠረዥ ያስፈራል፣ ግን የምታዩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ የማሽናችሁ አድራሻና ፖርት ያለበት አምድ እና መጨረሻ ላይ ያለው የፕሮግራሙ ስም። አድራሻው በ127 የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ 127.0.0.1፣ ያ ፕሮግራም የሚያወራው ከራሱ ማሽን ጋር ብቻ ነው፣ ጎረቤት አያየውም፣ ተዉት። በአይፒቪ6፣ በአዲሱ የአድራሻ አይነት፣ ደግሞ በቅንፍ ውስጥ ሁለት ነጥብ ሁለት ነጥብ 1፣ ይሄውም [::1] ሆኖ ይመጣል፣ ያው ነው። 0.0.0.0 ወይም ኮከብ ወይም [::] ካያችሁ ግን ቁሙ፣ «ከየትም ይምጣ እቀበላለሁ» ማለት ነው። የራሳችሁ የዋይፋይ አድራሻ፣ 192.168 ምናምን የሚለው፣ እዛ አምድ ላይ ከታየም ለኔትወርኩ ክፍት ነው። እኔ ያኔ ሳየው 0.0.0.0 ላይ 8200 የሚል ነበር፣ ጎኑ ደግሞ ሚኒዲኤልኤንኤዲ ተጽፏል፣ ዩዲፒ ላይም 1900። አንድ አመት ሙሉ እዛ ተቀምጦ!

ማን ማን ነው

ብዙ ቤት ውስጥ የሚገኙትን ልንገራችሁ። 127.0.0.53 ላይ ፖርት 53 ካያችሁ ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ ነው፣ የድረገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚቀይርላችሁ፣ ከነካችሁት ኢንተርኔቱ የጠፋ ይመስላችኋል፣ አትንኩት። ዩዲፒ 68 አድራሻ ከራውተር የሚቀበልበት ነው፣ እሱንም ተዉት።

ዩዲፒ 5353 አቫሂ ነው። ስራው ኔትወርክ ላይ ፕሪንተርና ሌሎች ማሽኖችን በስም መፈለግ፣ በዛውም የናንተን ማሽን ስም ማስተዋወቅ ነው። ኔትወርክ ፕሪንተር ከሌላችሁ የሚሰጣችሁ ጥቅም ትንሽ ነው፣ የማሽናችሁን ስም ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል፣ አንዳንዱ ሰው ላፕቶፑን በሙሉ ስሙ ነው የሚሰይመው።

631 የፕሪንተር ነው፣ ከፕስ ይባላል። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ዋናው ከፕስ አብዛኛውን ጊዜ 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ችግር የለውም። ግን ከፕስ-ብራውዝድ የሚባል ወንድም አለው፣ እሱ በዩዲፒ 631 ከማንም የሚመጣ «እኔ ፕሪንተር ነኝ» የሚል መልዕክት ይቀበል ነበር። መስከረም 2017፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 2024፣ ሲሞኔ ማርጋሪቴሊ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ይሄን ከሌሎች የከፕስ ስህተቶች ጋር አያይዞ፣ አጥቂ የውሸት ፕሪንተር አስገብቶ ሰውየው ሊያትም ሲል ኮድ ማስኬድ እንደሚችል አሳየ። ወዲያው ተጠግኗል፣ አፕዴት ያደረገ ሰው ድኗል፣ እኔን የገረመኝ ግን ፕሪንተር ኖሮት የማያውቅ ሰው ላፕቶፕ ላይ ያ ነገር ቀን ከሌት ሲጠብቅ መክረሙ ነው።

22 ኤስኤስኤች ነው። ማሽናችሁን ከሌላ ቦታ የማትቆጣጠሩ ከሆነ አያስፈልግም፣ ከናንተ ወደ ሌላ ሰርቨር ለመግባት ደግሞ የሚያስፈልገው ክላየንቱ ብቻ ነው፣ ሰርቨሩ ቢጠፋ እሱ አይነካም። ይሄን ሁለት ነገር የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፣ «ስራ ቦታ ያለው ሰርቨር ውስጥ እገባበታለሁ» ብሎ ቤቱ ሰርቨር ከፍቶ ይቀመጣል። 139 እና 445 ሳምባ ነው፣ ከዊንዶውስ ጋር ፋይል ለመጋራት። 111 አርፒሲባይንድ ነው፣ በኔትወርክ ፋይል መጋሪያ የሆነውን ኤንኤፍኤስን የምትጠቀሙ ካልሆነ ያጥፉት ከሚባሉት አንደኛው። 3306 ማይኤስኪውኤል፣ 5432 ፖስትግሬስ፣ 6379 ሬዲስ፣ ዳታቤዞች ናቸው፣ ኮድ የምትጽፉ ልጆች እነዚህ በዲፎልት 127.0.0.1 ላይ ነው መቀመጥ ያለባቸው፣ 0.0.0.0 ላይ ካገኛችኋቸው አንድ ቀን ዩቱብ እያያችሁ የቀየራችሁት ነገር አለ ማለት ነው። ከ1714 እስከ 1764 ያለው ኬዲኢ ኮኔክት ነው፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚያገናኘው፣ ከተጠቀማችሁበት ይቆይ። 3389 እና 5900 ደግሞ ስክሪናችሁን ለሌላ የሚያሳዩ ናቸው፣ ሳታውቁት ክፍት ከሆኑ ዛሬውኑ ዝጓቸው።

የማታውቁት ስም ከገጠማችሁ አትደንግጡ፣ ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ብላችሁ የፕሮሰሱን ቁጥር አስከትሉ፣ የትኛው ሰርቪስ እንደሆነና ስለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይነግራችኋል። ያቺ መስመር ካልገባቻችሁ ስሙን ፈልጉ። ሳታውቁ አትዝጉ፣ እኔ መጀመሪያ ሰሞን ተናድጄ የኔትወርክ ማናጀሩን አጥፍቼ ግማሽ ቀን ዋይፋይ አጥቻለሁ፣ መፍትሄውን የምፈልግበት ኢንተርኔት ደግሞ የለኝም።

መዝጋት

የማትጠቀሙበትን ካወቃችሁ እንዲህ ነው፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል --ናው ሚኒዲኤልኤንኤ

ዲሴብል ማለት ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዳይነሳ፣ ናው ደግሞ አሁንም አቁመው። ስቶፕ ብቻ ካላችሁ ሪስታርት ስታደርጉ ተመልሶ ይመጣል፣ ዲሴብል ብቻ ካላችሁ ደግሞ ማሽኑን እስክታጠፉ ድረስ እየሰራ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ። ጨርሶ የማትፈልጉት ከሆነ ሱዶ አፕት ፐርጅ ብላችሁ ከነኮንፊጉ አውጡት፣ እኔ ይሄን ነው የምመርጠው፣ የሌለ ፕሮግራም አፕዴትም አይፈልግ። በነገራችን ላይ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ አንድ ሰርቨር በአፕት ስትጭኑ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠይቃችሁ ወዲያው ስራ ይጀምራል፣ ፌዶራ ላይ ብዙውን ራሳችሁ እስክታስነሱት ይጠብቃል። «እስቲ ልሞክረው» ብላችሁ የጫናችሁት ሁሉ ክፍት በር የሚሆነው በዚህ ነው።

አሁን ሰው የሚሰናከልበት ቦታ። አንዳንድ ሰርቪስ ዘጋችሁት ስትሉ ተመልሶ ይነሳል፣ ምክንያቱም ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ሲስተምዲ ሶኬት የሚባል ዘበኛ ያስቀምጣል፣ ሰርቪሱ ተኝቶ እያለ ሶኬቱ ይጠብቃል፣ የሚጠራ ሲመጣ ይቀሰቅሰዋል። ኡቡንቱ ከ22.10 ጀምሮ ኤስኤስኤችን በዚህ መንገድ ነው ያደረገው፣ ስለዚህ ሰርቪሱን ብቻ ዘግታችሁ ኤስኤስ ስታዩ 22 አሁንም ክፍት ይሆናል፣ ፕሮግራሙም ኤስኤስኤችዲ ሳይሆን ሲስተምዲ ይላል። አቫሂም፣ ከፕስም፣ አርፒሲባይንድም እንዲሁ ሶኬት አላቸው። ሁለቱንም አብራችሁ ጥሩ፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል --ናው አቫሂ-ዴሞን.ሶኬት አቫሂ-ዴሞን.ሰርቪስ

ይሄም ሆኖ ሌላ ፕሮግራም እየጎተተ የሚያስነሳው ከሆነ በዲሴብል ፈንታ ማስክ አድርጉት፣ ያኔ በእጅ እንኳን ቢጠራ አይነሳም። ሲያስፈልጋችሁ አንማስክ። ፕሪንተር ያላችሁ ሰዎች ከፕስን ተዉትና ከፕስ-ብራውዝድን ብቻ ዝጉ፣ በዩኤስቢ የተሰካ ፕሪንተር ያለሱ ያትማል።

ዳታቤዞችን መዝጋት አያስፈልግም፣ ወደ ቤት መመለስ ነው የሚያስፈልገው። ማይኤስኪውኤል ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ባይንድ-አድሬስ የምትል መስመር አለች፣ 127.0.0.1 አድርጓትና ሪስታርት። ፖስትግሬስ ላይ ሊስን_አድሬስስ ነው፣ ሎካልሆስት ይሁን። ሳምባንና ኤስኤስኤችንም ከፈለጋችሁ በየኮንፊጋቸው በተወሰነ አድራሻ ብቻ እንዲቀበሉ ማድረግ ይቻላል። ኤስኤስኤች የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ በቁልፍ ግቡና በፓስወርድ መግባትን ከልክሉት፣ መጀመሪያ ግን በቁልፉ መግባታችሁን በሌላ መስኮት አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ትሆናላችሁ።

ከዛ አጥሩ

ፋየርዎል የምናመጣው አሁን ነው። ኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብሊው የሚባል ፋየርዎል በፈረንጅ ከ2008 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፣ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ይሄን ሳያውቅ «ኡቡንቱ ፋየርዎል አለው» ብሎ የሚኖር ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። በመስኮት መስራት የሚቀላችሁ ጂዩኤፍደብሊውን ተጠቀሙ፣ ሚንት ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ አንድ ማብሪያ ብቻ ነች። በተርሚናል ከሆነ፦

ሱዶ ዩኤፍደብሊው ዲፎልት ዲናይ ኢንካሚንግ
ሱዶ ዩኤፍደብሊው ዲፎልት አላው አውትጎይንግ
ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢነብል

ከውጭ የሚመጣው ይከለከል፣ ከውስጥ የሚወጣው ይለፍ ማለት ነው፣ ብራውዘራችሁ፣ ቴሌግራማችሁ፣ አፕዴታችሁ ምንም አይሆኑም። ማሽኑ ውስጥ የገባችሁት በኤስኤስኤች ከሆነ ግን ኢነብል ከማለታችሁ በፊት ሱዶ ዩኤፍደብሊው ሊሚት ኤስኤስኤች በሉ፣ አለበለዚያ ራሳችሁን ውጭ ትቆልፋላችሁ። ሊሚት ከአላው የሚለየው አንድ አድራሻ በ30 ሰከንድ ውስጥ 6 ጊዜ ከሞከረ ስለሚከለክለው ነው። ዋይፋይ ለምትጋሩ ደግሞ አንድ ነገር፣ ብዙ መመሪያ «ለቤት ኔትወርክ ብቻ ፍቀድ» ብሎ 192.168.1.0/24 አስገቡ ይላል፣ የናንተ የቤት ኔትወርክ ግን የአራት ቤት ኔትወርክ ነው፣ ስለዚህ የአንዱን የራሳችሁን ስልክ ወይ ኮምፒውተር አድራሻ ብቻ ፍቀዱ።

ፋየርዎሉን አብርቶ ሰርቪሱን መተው ለምን እንደማይበቃ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ዩኤፍደብሊው ራሱ ይዞት የሚመጣው ህግ ውስጥ አቫሂ የሚጠቀምበትን 5353 እና መሳሪያዎች የሚፈላለጉበትን 1900 በመልቲካስት፣ ማለትም ለብዙዎች በአንዴ በሚላክ መልዕክት፣ የሚመጣ ከሆነ ያሳልፋል። ሁሉንም ከልክያለሁ ብላችሁ አቫሂ ግን ስማችሁን እየጠራ ነው። ሁለተኛው ዶከር ነው፣ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ውስጥ ለይቶ የሚያስኬደው፣ እሱ ብዙ ልጅ አስለቅሷል። ዶከር ኮንቴይነር ስታስነሱ ሰረዝ ፒ ብላችሁ 3306:3306 ካደረጋችሁ፣ ዶከር የራሱን ህግ ቀጥታ የሊኑክስ የፋየርዎል ህጎች በሚቀመጡበት አይፒቴብልስ ውስጥ ይጽፋል፣ ፓኬቱ ዩኤፍደብሊው ጋ ሳይደርስ ወደ ኮንቴይነሩ ይታጠፋል፣ ዩኤፍደብሊው ስታተስ ደግሞ ሁሉም ዝግ ነው ብሎ ያሳያችኋል። እኔ ለፈተና ብዬ ያስነሳሁት ዳታቤዝ ፓስወርዱ ሩት የሆነ፣ እንዲህ ክፍት ሆኖ ነው ያገኘሁት። መድሃኒቱ ቀላል ነው፣ 127.0.0.1:3306:3306 ብላችሁ ጻፉ፣ ኮምፖዝ ፋይል ውስጥም እንደዛው። ኤስኤስ ላይ ዶከር-ፕሮክሲ የሚል ስም ከ0.0.0.0 ጋር ካያችሁ ይሄ ነው።

ፌዶራ የምትጠቀሙ፣ እናንተ ጋ ፋየርዎልዲ በርቶ ነው የሚመጣው፣ ግን አትዘናጉ፣ ወርክስቴሽኑ የሚጠቀመው ዞን፣ ማለትም የህጎች ስብስብ፣ ከ1025 እስከ 65535 ያለውን ሁሉ ክፍት አድርጎ ነው የሚመጣው፣ የኔ ሚኒዲኤልኤንኤ 8200 ላይ ስለሆነ እዛም ቢሆን ጎረቤት ያየው ነበር። ዞኑን ወደ ፐብሊክ መቀየር ትችላላችሁ፣ በፋየርዎል-ሲኤምዲ ሴት-ዲፎልት-ዞን።

ከውጭ ሆኖ ማንኳኳት

ራሳችሁን ከራሳችሁ ማሽን ሆናችሁ አትፈትኑ፣ ከውስጥ ሲያንኳኩ ፋየርዎሉ ስለሚያሳልፍ ሁሉም ክፍት ይመስላል። ሌላ ላፕቶፕ፣ ካልሆነም አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባለውን የተርሚናል አፕ ጭናችሁ ፖርት የሚፈትሸውን ኤንማፕ አስገቡና ኤንማፕ ሰረዝ ፒ ሰረዝ ብላችሁ የኮምፒውተራችሁን አድራሻ ጻፉ። ሰረዝ ፒ ሰረዝ ካላላችሁት የተለመዱትን 1000 ፖርቶች ብቻ ነው የሚያየው። መልሱ ኦፕን ካለ ክፍት ነው፣ ክሎዝድ ካለ ማሽኑ «የለም» ብሎ መልሷል፣ ፊልተርድ ካለ ፋየርዎሉ ዝም ብሎ ውጦታል፣ ሁለቱም ጥሩ ነው። ዩዲፒ ለማየት ሰረዝ ኤስዩ አለ፣ ከሱዶ ጋር፣ በጣም ስለሚዘገይ ቡና አፍሉበት። የራሳችሁን ማሽን ብቻ ነው ታዲያ፣ የጎረቤትን ማንኳኳት ሌላ ጉዳይ ነው።

ራውተሩንም አንዴ ግቡበት። ዩፒኤንፒ የሚለውን አጥፉት፣ ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም ሳይጠይቃችሁ ከውጭ በር እንዲያስከፍት ስለሚፈቅድ። አይፒቪ6 የሚሰጣችሁ ከሆነ ማሽናችሁ የራሱ አድራሻ ስለሚኖረው የድሮው «ከራውተር ጀርባ ነኝ» አይሰራም፣ የራውተሩ የአይፒቪ6 ፋየርዎል መብራቱን እዩ። ገስት ኔትወርክ ካለው ደግሞ ጎረቤቶችን እዛ አስገቧቸው፣ ብዙዎቹ ራውተሮች ላይ ገስት የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ የናንተን ማሽን አያይም።

አሁን እኔ የማደርገው፣ ሁሉንም ከጨረስኩ በኋላ የኤስኤስን ውጤት ፋይል ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ አዲስ ነገር በጫንኩ ቁጥር ድጋሚ አውጥቼ ሁለት ፋይል በሚያነጻጽረው ዲፍ አስተያየዋለሁ፣ የተጨመረ መስመር ካለ ወዲያው ይታየኛል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የዛን ቀን ሚኒዲኤልኤንኤን ፐርጅ አድርጌ ታች ቤት ወረድኩና «እስቲ አሁን ይክፈቱት» አልኳቸው። ከፈቱ፣ የላፕቶፔ ስም የለም፣ ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል «እንዴ፣ ሰርጉን እኮ ገና መልሱ ላይ ነበርን» አሉኝ። በማግስቱ በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋቸው።